የሰርዲን በረዶ

ሐምሌ በኤሲሃ፤ ጀምበር ሳትወጣ ነው ግንቡ የሚግለው፤
ጎረቤት ከተሞች «መጥበሻው» ይሉናል፤ ስም ነው፣ ምን እለው?
እኔ አሣ ሻጭ ነኝ፤ ኤንግራሲያ ስሜ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሙቀትን የታገልኩ፣ በረዶ ነው አቅሜ።

ሰርዲን ቀድሞ የሚከዳው ከዓይኑ ነው፤
መልኩ ሳይለወጥ፣ ሽታው ሳይቀየር፣ ብሌኑ ነው የሚደፈርሰው።
ይህን ብቻ አውቃለሁ። ሌላው ዕውቀት የካሲልዳ ነው።

ካሲልዳ አሠልጣኝ ናት፣ ጉልበቷ ያረጀ፣ ምላሷ ያልደከመ፤
«ሙቀት እንደ አማት ነው» ትላለች፣ «ቀስ ብሎ የቀረባት ነው በሰላም የከረመ።»
አሥራ አራት ቀን ሰጠቻቸው፣ ገላቸው ፀሐይን እንዲለምድ፤
መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ፣ በሶምሶማ፣ በጄኒል ወንዝ ዳር፣ በጥላው መንገድ፤
ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትታ፣ ፍጥነት የሚሉትን ጣዖት ሰውራ፣
«ዛሬ እግር አይሮጥም፤ ላብ ነው የሚማረው ሥራ።»

በእኔ ሚዛን ተመዘኑ፣ ሰርዲን በምመዝንበት፣
ከልምምድ በፊት አንዴ፣ ኋላም አንዴ፣ ውኃው የት እንደሄደ ለማየት።
የቀለለው ይጠጣል፣ ጨው የነካው ሾርባ፤
የከበደውን ትቆጣዋለች፦ «ውኃም እኮ ይገድላል፣ ያለ ጥም ሲገባ!»

ሁሉም ሰማ። ፖስተኛው ኦኖፍሬ ብቻ ሣቀ፦
«ይህን ሰፈር በነሐሴ በእግሬ የማዳርስ! ፀሐይን ከእኔ በላይ ማን አወቀ?»
ሁለት ቀን መጣና ቀረ።
በሩጫው ዋዜማ ሆዱን አሞት፣ አተኩሶት ነበር፤ ይህንንም ለማንም ሳይናገር አደረ።

ሩጫው በንጋት ነበር፤ ከንቲባው ግን ማይክራፎን ወደደ፣
ስለ ከተማችን ታሪክ፣ ስለ ራሱም፣ ሃምሳ ደቂቃ ሄደ፤
ፀሐይ እስክትሰማው ወጣች።

እኔ አሥራ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነኝ፤ አጠገቤ የወይን መርገጫ ገንዳ፣
ግማሹ ውኃ፣ ግማሹ ከሱቄ የመጣ በረዶ፣ ቅርፊት የሞላው፣ ጠረኑ የማይጸዳ።
ወጣቶቹ አፍንጫቸውን ይዘው «ይሸታል» አሉ።
ይሸታል፤ ግን በረዶ ነው።

ከዚያ ኦኖፍሬ መጣ። ቀጥ ባለው ጎዳና ብቻውን ተጣምሞ ይሄዳል፤
ላቡ አልደረቀም (ይደርቃል ያላችሁ ተሳስታችኋል)፣ እንደ ዶፍ ይወርዳል፤
ቆዳው ግን እንደተነጨ ዶሮ ቆሞ፣ በዚያ እሳት ውስጥ ብርድ ብርድ ይለዋል።

«ኦኖፍሬ!» አልኩት። «ደብዳቤ አለሽ» አለኝ፣ ባዶ እጁን ዘርግቶ።
ሕዝቡ «አይዞህ፣ ሦስት ቀረህ!» ይላል፣ አጥር ላይ ወጥቶ።
እኔ ዓይኑን አየሁት።
ደፍርሷል።

ያዝኩት። ታገለኝ። ሰደበኝ፣ የሞተች እናቴን ሳይቀር፤
ሠላሳ ዓመት ቱና ያነሣ ክንድ በስድብ አይበገር።
አምቡላንሱ በሩን ከፈተ። ነርሷ ሶኮሮ ግን፣ «ቀድሞ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይሂድ፤
በመኪና ውስጥ የሚነድ ሰው፣ ሆስፒታል ሲደርስ ዐመድ!»

እስከ አንገቱ ነከርነው። አንዱ ራሱን ደገፈ፣
አንዱ ውኃውን አማሰለ፤ አንድ ሰርዲን ከበረዶው ሥር ተንሳፈፈ፣
እንዴት እንደቀረ እንጃ፣ ሄዶ ደረቱ ላይ ዐረፈ።
ቴርሞሜትሩ አርባ አንድ ከአምስት ብሎ ነበር ሲጀምር፤
ሠላሳ ዘጠኝ ሲል አወጣነው፤ አሥራ ሦስት ደቂቃ፣ እኔ በጣቴ ስቆጥር።

ዓይኑም ጠራ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓይን ሲደፈርስ እንጂ
ተመልሶ ሲጠራ አይቼ አላውቅም ነበር።
ቆሜ ቀረሁ፣ እጆቼ ከበረዶው ሳይወጡ፣
እሱ «ምንድነው የሚሸተኝ?» እስኪል።

በሚቀጥለው ሰኔ፣ ልምምድ ሊጀመር ገና ሳምንት ሲቀር፣
ኦኖፍሬ ሱቄ ገባ፤ ሰላም አላለም፣ እንደ ድሮው አልቀለደም፤
ቦርሳውን አወረደ፣ ጫማውን ፈታ፣ ሚዛኑ ላይ ወጣና ዝም።
ቁጥሩን ጻፍኩለት።
ሲወጣ ከበሩ ተመለሰ። «ደብዳቤ አለሽ» አለኝ።
እውነትም ነበረኝ፦
የበረዶ ማሽኑ የመብራት ሒሳብ።